ጠባቂና አርቢ፦ ከባሶ የዝባድ ገበያ እስከ ዛሬው የተሳቢ እንስሳት ትርኢት

(ለመምህራንና ለተማሪዎች በቃል የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ የተስተካከለ)



በጀርመን አገር ሐም በምትባል ከተማ በዓመት አራት ጊዜ ታላቅ የተሳቢ እንስሳት ገበያ ይቆማል። እባብ፣ እንሽላሊት፣ እስስትና ኤሊ የሚሸጡበት ትርኢት ነው። ከሻጮቹ መካከል ብዙዎቹ ሱቅም የንግድ ድርጅትም የላቸውም። በሌላ ሙያ የሚተዳደሩ፣ ከመኖሪያ ቤታቸው አንዱን ክፍል ለእንስሳቱ የለዩ፣ በትርፍ ጊዜያቸው የሚያረቡ ሰዎች ናቸው። ጠረጴዛ ይከራያሉ፤ ግልገሎቹን የአየር ቀዳዳ ባለው ግልጽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርገው ይደረድራሉ። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ወረቀት ይለጠፋል፤ የዝርያው ስም፣ ጾታው፣ የተፈለፈለበት ቀንና ዋጋው ይጻፍበታል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ ገዢው የሚፈልገው አንድ ቃል አለ። እንስሳው ከዱር የተያዘ ሳይሆን በሰው እጅ የተወለደ መሆኑን የሚገልጸው ቃል ነው።

ዛሬ ልናገርበት የመረጥሁት የዚያን ቃል ታሪካዊ ክብደት ነው። ይህን ለማየት የእኛኑ አገር ታሪክ እንደ መነጽር እጠቀማለሁ። ከደብረ ወርቅ፣ ከብቸናና ከሞጣ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ እባብ በጠረጴዛ ላይ የሚሸጥበት ገበያ ከእኛ ታሪክ በእጅጉ የራቀ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን የዱር እንስሳን በቤት ጠብቆ ከእርሱ የሚገኘውን ነገር ለሩቅ ገበያ ማቅረብ በኢትዮጵያ ረጅም ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። ጎጃምም የዚህ ንግድ ዋና መተላለፊያ ነበረች። እንስሳው ጥርኝ፣ ሸቀጡ ዝባድ፣ ገበያው ባሶ ይባላል። የንግግሬ ፍሬ ነገር በአጭሩ ይህ ነው፦ የጥርኝ ባለቤት ለብዙ ትውልድ የተዋጣለት ጠባቂ ሆኖ ኖሯል፤ አርቢ ግን አልሆነም። የገበያው ዓለም በተለወጠ ጊዜ የዚህን ልዩነት ዋጋ የከፈለው እርሱው ነው።

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ልጠቁም።

የባሶ ገበያ

በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ በደቡብ ጎጃም ይቆም የነበረው የባሶ ገበያ በአገሪቱ ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ቦታው በዛሬዋ የጁቤ አካባቢ ነው። ስሙም የጁቤ መቀመጫው በሆነችው በባሶ ሊበን ወረዳ ስም ውስጥ እስከ ዛሬ ይኖራል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ከ1841 እስከ 1843 ባለው ጊዜ በጎጃም ተቀምጦ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ቢክ ወደ ጂኦግራፊ ከመግባቱ በፊት በንግድ ሥራ የኖረ ሰው ስለነበረ ዋጋንና ሚዛንን አስተውሎ የሚመዘግብ ዓይን ነበረው። ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች አንቷንና አርኖ ዳባዲም በዚያው ዘመን በአካባቢው ተመላልሰዋል፤ አንቷን በ1843 ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ እስከ እናርያ ዘልቋል።

ለባሶ ታላቅነቱን የሰጠው አቀማመጡ ነው። ከጊቤ ወንዝ ማዶ ካሉት መንግሥታት፣ በተለይም ከሊሙ እናርያ፣ የሚነሣው ሲራራ በጉድሩ በኩል አልፎ ዓባይን ሲሻገር የሚያገኘው ታላቅ ገበያ ባሶ ነበር። ከደቡብ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ይመጣል። ሰዎችም በባርነት ተይዘው ይመጡ ነበር። ስለዚህ ገበያ ሲነገር ይህን አለማንሣት የታሪክን ግማሽ መሰወር ይሆናል፤ ዝባድ የያዘው ነጋዴና ባሪያ የሚነዳው ነጋዴ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበርና። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ዶቃና መዳብ ይወርዳል። የጨው ዋጋ ከመገኛው ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በራቀ መጠን እየናረ ስለሚሄድ፣ ነጋዴው አሞሌ ይዞ ወደ ደቡብ ሲወርድም፣ ዝባድ ይዞ ወደ ሰሜን ሲመለስም ያተርፍ ነበር። ከባሶ የተነሣው ሸቀጥ ወደ ጎንደር ያቀናል፤ ከዚያም ወደ ምጽዋ ወይም ወደ ሱዳን ይወጣል። የምሥራቅ ጎጃም ሰው ወደ ቤጌምድር ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ በሞጣ በኩል ያለው፣ ዛሬ ሰባራ ድልድይ የምንለው የድንጋይ ድልድይ እንደነበረም እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ዝባድ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተፈጠረ ሸቀጥ ነበር ማለት ይቻላል። በበሬ ቀንድ ውስጥ ይታሸጋል፤ አፉ በቆዳ ይታሰራል። ክብደቱ ትንሽ፣ ዋጋው ብዙ ነው፤ በጉዞ ላይ አይበላሽም፤ ከአንድ በቅሎ ጭነት ውስጥ ጥቂት ቦታ ብቻ ይይዛል።

ጥርኝ በቤት

ጥርኙን የያዘው ሰው ባሶ አይደርስም ነበር። በሊሙ እናርያ ከ1825 እስከ 1861 የነገሡት አባ ባጊቦ ንግዱን በሰቃ ገበያ ላይ ሰብስበው፣ ከሰሜን የመጡ ነጋዴዎች ከዚያ አልፈው ወደ ደቡብ እንዳይዘልቁ ይከለክሉ ነበር። ይህ ሥርዓት ለንጉሡ ገቢ፣ ለአካባቢው ነጋዴ መከለያ ሆኗል። ነገር ግን ዝባዱ ከጠባቂው ቤት ተነሥቶ ባሕር እስኪሻገር ድረስ እጅ በእጅ ይቀባበሉት ነበርና፣ በሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ የቆመው ሰው የመጨረሻውን ዋጋ አያውቀውም።

ይሁንና የጠባቂው ዕውቀት እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ጥርኝ ብቸኛ፣ በሌሊት የሚንቀሳቀስ፣ ሥጋም ፍሬም የሚበላ የዱር እንስሳ ነው። ዝባድ የሚባለው በፊንጢጣውና በብልቱ መካከል ካለው ዕጢ የሚወጣ፣ በዱር ሳለ ክልሉን ምልክት የሚያደርግበት ቅባት ነው። ሁለቱም ጾታዎች ዕጢው ቢኖራቸውም ጠባቂዎች የሚይዙት ወንዱን ነው። በወጥመድ ወይም በመረብ ይይዙታል፤ እንደልቡ መዞር በማይችልበት ጠባብ የእንጨት ጎጆ ውስጥ ያስገቡታል፤ ጎጆውንም ጨለም ባለና እሳት በማይጠፋበት ቤት ያኖሩታል። ሙቀቱ ዝባዱን ያበዛዋል ተብሎ ይታመናል። ገንፎ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ዕንቁላልና ቅቤ ይቀልቡታል። ከሳምንት በላይ በሆነ ልዩነት፣ ብዙውን ጊዜ በዘጠኝና በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ፣ ጅራቱንና የኋላ እግሮቹን ይዘው ዕጢውን በመጫን ቅባቱን በማንኪያ ይወስዳሉ። እንስሳው ከእንግዳ ዓይን ይጠበቃል፤ ቤቱም ለማንም አይከፈትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የጎደለው አንድ ነገር መራባት ነው። ሴት ጥርኝ አትያዝም፤ ግልገል አይወለድም። ጥርኙ ሲሞት ሌላ ከዱር ይያዛል። ተይዘው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱትም ጥቂት አልነበሩም። እንስሳው በምርኮ መራባት የማይችል ሆኖ አይደለም፤ በውጭ አገር የእንስሳት ማሳያ ሥፍራዎች ተራብቷል፤ እርግዝናው ሁለት ወር ገደማ ነው፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ እስከ አራት ግልገል ይወልዳል። በጠባቂው ዓይን ግን ለማርባት የሚያነሣሣ ምክንያት አልነበረም። ዱሩ ቅርብ ነው፤ ወጥመድ ከቀለብ ይረክሳል፤ ዝባድ የማትሰጥን እናትና ግልገሎቿን ለወራት መቀለብ ኪሳራ ነው። ጠባቂው በጊዜው ስሌት የተሳሳተ አልነበረም። ይህን አጥብቄ የምናገረው፣ ኋላ የመጣውን ውድቀት ለገበሬው ስንፍና ወይም ድንቁርና የሚሰጥ አተረጓጎም ስላለ ነው።

የእምነት ገበያ

ዝባድ በዓይን ብቻ የሚለይ ሸቀጥ አይደለም። ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት ቢደባለቅበት ለማወቅ ልምድ ይጠይቃል። መደባለቁም የተለመደ በመሆኑ ገዢው ሁልጊዜ ይጠራጠራል። ስለዚህ ነጋዴው የሚገዛው ቀንዱን ያመጣለትን ሰው ጭምር ነው። ትናንት ንጹሕ ያመጣ ዛሬም ይታመናል፤ አንድ ጊዜ የደባለቀ ስሙ ይጠፋል። ይህ እምነት ግን ከሁለት ሰው አያልፍም። ቀንዱ ከጠባቂው ወደ ነጋዴው፣ ከዚያም ወደ ሌላ ነጋዴ በተላለፈ ቁጥር የጠባቂው ስም እየተፋቀ ይሄዳል። ምጽዋ ሲደርስ የእናርያ ወይም የሐበሻ ዝባድ ይባላል እንጂ የማን ጥርኝ እንደሰጠው የሚያውቅ የለም።

አውሮፓውያንም ይህን የእምነት ችግር ለመፍታት እንስሳውን ራሱን ወደ አገራቸው ወስደው ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን አምስተርዳም የዝባድ ማዕከል ሆና፣ በዚያ ከተጠበቁ ጥርኞች የሚገኘው ዝባድ በንጽሕናው የተመሰገነ ነበር። በእንግሊዝ አገር ኋላ በሮቢንሰን ክሩሶ መጽሐፉ የታወቀው ዳንኤል ዲፎ በ1692 ወደ 70 የሚጠጉ ጥርኞችን በ850 ፓውንድ ገደማ ገዝቶ በለንደን አጠገብ ሥራውን ጀመረ። ገንዘቡ የብድር ነበር፤ በዚያው ዓመት ዲፎ ከሰረ፤ ጥርኞቹም ከእጁ ወጡ። የዲፎ ታሪክ እንደ ቀልድ ቢነገርም የሚያስተምረን ነገር አለ። ጥርኝ መጠበቅ ካፒታል ያለው ሰው ብድግ ብሎ የሚገባበት ሥራ አይደለም። የእናርያው ገበሬ ከእርሻው ጎን፣ በቤቱ ቀለብ፣ በጥቂት እንስሳ ስለያዘው ነበር ለዘመናት የዘለቀው። ትንሽነቱ ጥንካሬው ነበር።

ሚዛኑ ሲለወጥ

በ1882 በእምባቦ ጦርነት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከንጉሥ ምኒልክ የሸዋ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ከጊቤ ማዶ ያለው አገር ንግድ ፊቱን ወደ ሸዋ አዞረ፤ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ የባቡር ሐዲድም ይህን አጸና። ባሶ ከዓለም ገበያ መንገድ ወጣች። ዝባዱ ግን አልቀረም፤ በአዲሱ መንገድ ወደ ፈረንሳይ ሽቶ አምራቾች መሄዱን ቀጠለ።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ በስዊዘርላንድ ይሠራ የነበረ ኬሚስት የዝባድን ዋና የሽታ ንጥረ ነገር ውቅር ገለጠ፤ 17 የካርቦን አተሞች ያሉት ቀለበት ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ትልቅ ቀለበት በተፈጥሮ ይኖራል ብሎ ያሰበ ኬሚስት አልነበረም ማለት ይቻላል። ሩዚችካ በ1939 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሥራዎቹ አንዱ ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ የዝባድን ሽታ ያለ ጥርኝ ማግኘት የጊዜ ጉዳይ ሆነ።

ሦስተኛው ለውጥ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የዓለም የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር በኢትዮጵያ የጥርኝ አያያዝን መርምሮ፣ የጎጆውን ጥበት፣ የአወሳሰዱን ሕመምና ከዱር የሚያዙትን እንስሳት ሞት ለዓለም አሰማ። ሻኔል የተባለው ታላቁ የሽቶ ድርጅትም ከ1998 ጀምሮ በሰው ሠራሽ ዝባድ እንደሚጠቀም ተነገረ። የተነሣው ትችት በአብዛኛው እውነት ነበር። በጠባብ ጎጆ ዕድሜውን የሚጨርስ እንስሳ መከራ አይክድም፤ እኛም ልንክደው አይገባም። ሆኖም የፍርዱ አካሄድ ሊመረመር ይገባል። ገዢው ድርጅት በአንድ መግለጫ ከጉዳዩ ወጣ። ላኪው ወደ ሌላ ሸቀጥ ዞረ። ጥርኙን በቤቱ የያዘው ሰው ግን ጠያቂ በመጣ ጊዜ የሚያሳየው አንድም የጽሑፍ ማስረጃ አልነበረውም፤ እንስሳው መቼ እንደተያዘ፣ ስንት ዓመት እንደኖረ፣ ምን እንደበላ የሚመዘግብ ሥርዓት ማንም አላበጀለትም። ዕውቀቱ ሁሉ በቃል የሚወረስ፣ ከዓይንም የተሰወረ ነበር። ቀድሞ ከሌባና ከክፉ ዓይን የጠበቀው ምስጢር፣ አሁን መከራከሪያ አሳጣው።

የትርኢቱ ጠረጴዛ

አሁን ወደ ተነሣንበት ጠረጴዛ እንመለስ። የተሳቢ እንስሳት ትርኢት በዛሬ መልኩ የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። በአሜሪካ ለብዙዎቹ አርአያ የሆነው የአርቢዎች ትርኢት በፍሎሪዳ የተጀመረው በ1990 ነው። ከዚያ በፊት በአብዛኛው ይሸጥ የነበረው ከዱር ተይዞ የመጣ፣ ታሞና ጥገኛ ትል ተሸክሞ የሚደርስ፣ ብዙ ጊዜም የሚሞት እንስሳ ነበር። ትንሹ አርቢ ገበያውን የገባው በዚህ ክፍተት ነው። የእርሱ ግልገል ከሰው እጅ መብላት የለመደ ነው፤ የወላጆቹ ማንነት ይታወቃል፤ ስንት ጊዜ እንደበላ እንኳ ተጽፎ ይቀርባል። ከትላልቅ አስመጪዎች ጋር በዋጋ መወዳደር አይችልም፤ በመዝገብ ግን ይበልጣቸዋል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በጋና፣ በቶጎና በቤኒን የሚገኘው፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚጠቀለለው ትንሽ ዘንዶ ነው። ከእነዚህ አገሮች እጅግ ብዙ ዘንዶ ወደ ውጭ ተልኳል። በ1992 አንድ አሜሪካዊ አርቢ ነጭ መልክ ያለውን የዚህን ዘንዶ ዘር በምርኮ አራባ። ከዚያ ወዲህ የተለያየ ቀለምና ጥለት ያላቸውን ማዳቀል ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ብርቅ የሆነው ቀለም ገና በወጣበት ጊዜ አንዱ ግልገል በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጥ ነበር። በምዕራብ አፍሪካ ገጠር ዘንዶውን ከጉድጓድ የሚያወጣው ሰው የሚያገኘው ከዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። የእናርያው ጥርኝ ጠባቂ ዕጣ በሌላ እንስሳ ተደገመ፦ እንስሳው ከአፍሪካ፣ ስሙና መዝገቡ ከሌላ አገር።

እርግጥ ነው፣ መዝገብ ራሱ ሊዋሽ ይችላል። ከዱር የተያዘን እንስሳ በምርኮ የተወለደ ብሎ መሸጥ በዚህ ንግድ የታወቀ ማጭበርበር ነው፤ ቅቤ ከተደባለቀበት ዝባድ ጋር አንድ ባሕርይ አለው። በ1975 በሥራ ላይ የዋለው፣ ኢትዮጵያም በ1989 የተቀበለችው ለመጥፋት የተቃረቡ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት የንግድ ስምምነት ስለዚሁ ነው የመገኛ ማስረጃ የሚጠይቀው። በአውሮፓ አንዳንድ ዝርያዎች ያለ የምስክር ወረቀት ወደ ትርኢት ጠረጴዛ አይወጡም። ትንሹ አርቢ ይህን ሸክም ሲያማርር ይሰማል፤ ነገር ግን ያው ወረቀት ከአታላዩ የሚለየው መታወቂያው ነው። ሥነ ምግባራዊው ጥያቄም በወረቀት አይዘጋም፤ በምርኮ የተወለደ እባብ በትንሽ ሣጥን መኖሩ ተገቢ ነው ወይ የሚለው ክርክር በእነዚያ አገሮችም እንደቀጠለ ነው።

ለእኛ የሚቀረው ሥራ

ከዚህ ታሪክ ተነሥቼ ጥርኝ እናርባ፣ እባብም እንሽጥ አልልም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 በዚህ ጉዳይ መንገዱን ለፈቃድና ለቁጥጥር ሰጥቷል፤ ክርክሩም የሕግና የእንስሳት ሐኪሞች ጭምር ነው። እኔ እንደ ታሪክ ሰው የማነሣው ሌላ ነጥብ ነው።

በብቸና ወይም በደብረ ወርቅ ገበያ በቅሎ ወይም በሬ የሚሸጥ ሰው ከየት እንዳመጣው ይጠየቃል፤ ጥርሱ ይታያል፤ እንስሳው የስርቆት አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ዋስ ይጠራል። ይህ የቃል መዝገብ ነው፤ ሻጭና ገዢ በሚተዋወቁበት ገበያ በሚገባ ይሠራል። ገበያው ሲሰፋ ግን ዋሱ አብሮ አይጓዝም። የአካባቢያችንን ዶሮዎች እንውሰድ። ተመራማሪዎች የክልላችንን የአገር ዶሮ ዓይነቶች ጥሊሊ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ፋርጣ እያሉ በቦታ ስም ለይተው መዝግበዋቸዋል። ለበዓል ገበያ ሦስት ዶሮ ይዛ የምትወጣው እናት ግን በዚያ ስም የምታገኘው ጥቅም የለም። አውራውን የመረጠች፣ ጥሩ ታቃፊዋን ለይታ ያቆየች፣ ዘሩን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሸጋገረች እርሷ ናት። በሙሉ ትርጉሙ አርቢ ናት፤ በገበያው ላይ ግን እንደ ተራ ሻጭ ትቆጠራለች፤ ዋጋዋም በላባው ቀለምና በክብደቱ ብቻ ይወሰናል። የጥርኙ ባለቤት ሳያረባ ጠበቀ፤ እርሷ ደግሞ እያረባች ሳትመዘገብ ቀረች።

ስለዚህ ለማስተርስ ጥናታችሁ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከዚህ መጀመር ትችላላችሁ። በየወረዳችሁ ማን ምን ዘር እንደሚያረባ፣ እንዴት እንደሚመርጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ፣ ዋስ የሚጠራበት ሥርዓት እንዴት እንደሆነ ከባለቤቶቹ አንደበት መዝግቡ። የመረጃ ሰጪውን ስም ከፈቀደ ጻፉ፤ ዕውቀቱ የእርሱ መሆኑ ይታወቅ። ስለ ባሶ ገበያ የምናውቀው ብዙው የመጣው ዋጋና ሚዛን በመዘገቡ የውጭ ሰዎች እጅ ነው። እነርሱ የነጋዴውን ቀንድ አይተዋል፤ ጥርኙን በእሳት ዳር ያሳደረውን ሰው ግን በስም አያውቁትም። በሚመጣው መቶ ዘመን የእኛን ጊዜ የሚያጠና ሰው በዚያ ገጽ ላይ ያንኑ ባዶ ቦታ እንዳያገኝ ማድረግ በእጃችን ነው።

 ለጥያቄና ለውይይት መድረኩን ለሰብሳቢው እመልሳለሁ።